ፍርድ የሚያልቀው የት ነው?

መካነ ሰላም ውስጥ ሕግ የተማረ ወጣት ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት ሲያስብ ብዙ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል። ለዓመታት በችሎት ተቀምጬ ፈርጃለሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም ባሕር ማዶ ነው የተማርኩት። "ጋሼ፣ የት ባመለክት ይሻላል? የቋንቋው ፈተና ስንት ነጥብ ይፈልጋል? ቪዛውስ እንዴት ነው?" ይሉኛል። የማውቀውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በተራዬ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ እዚህ ወሎ ቦረና ሰው ሲገደል፣ ፍርዱ የሚያልቀው የት ነው?

"መዝገቡ ሲዘጋ" ብለው ወዲያው የሚመልሱ አሉ። "ሽማግሌ ደሙን ሲያደርቅ" የሚሉም አሉ። ቶሎ ሳይመልሱ ዝም ብለው የሚያስቡት ግን ለጉዞው የተዘጋጁ ይመስሉኛል።

ጥያቄው ለፈተና የተዘጋጀ አይደለም። ከአቀስታ እስከ አጅባር፣ ከወግዲ እስከ ከላላ፣ በዚህ ደጋ ሕግ ይዞ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚጋፈጠው ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ይጣላሉ፤ ዱላ ይነሣል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ አንዱ ይወድቃል። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይይዛል፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል። ተራ የሰው ግድያ ከሆነ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ዳኛው ማስረጃውን መዝኖ፣ ማክበጃውንና ማቅለያውን አስልቶ ይፈርዳል፤ መዝገቡም ይዘጋል። መንግሥት የድርሻውን ጨርሷል።

መንደሩ ግን አልጨረሰም። የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፣ አንድ ገበያ አይውሉም፣ ለቅሶ አይደራረሱም። ገና ያልጎረመሰው የሟች ልጅ እንኳ ነገ ደም መላሽ እንደሚሆን በሰው ዓይን ይታያል፤ እሱም ያንን ዓይን እያየ ያድጋል። ስለዚህ ሽማግሌ ይገባል። በእኛ አገር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ስላለ ቄሱም ሸሁም አብረው ይቀመጣሉ። የገዳይ ወገን አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይገባል፣ ማዕድ ይቀርባል።

እርቁ ከፍርዱ የቀደመ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ለፖሊስ ቃላቸውን የሰጡ ምስክሮች ችሎት ቀርበው "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ይላሉ። በዳኝነት ዘመኔ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውዬው በወንጌል ወይም በቁርአን ምሎ በፊቴ ይዋሻል፤ የሚዋሸውም ሁለተኛ ሰው እንዳይሞት ብሎ ነው። የእውነት መሐላ እያፈረሰ የሰላም መሐላ የሚጠብቅ ሰው በፈጣሪ ፊት ምን ይባላል? ይህን የሚመልስልኝ አንቀጽ በየትኛውም ኮድ ውስጥ አላገኘሁም።

ስለ ሽምግልና ሲነገር ሁልጊዜ ፊቴ የሚመጣ አንድ እርቅ አለ። አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። የገዳዩ አባት ባዶ እግሩን፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከፊታቸው ተንበርክኳል። ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን ይዘዋል፣ ሸሁ ዱዓ እያደረጉ ነው፣ ሰዉ "አሚን" እያለ ይቀበላል። የሟች ወንድሞች ተጠየቁ፤ እየከበዳቸውም ቢሆን "ለእናንተ ስንል፣ ለፈጣሪ ስንል" አሉ። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ወዲያ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ወደነበሩት የሟች እናት ዞሩና "እማማ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉ" አሏቸው። እናትየው ነጠላቸውን ከፊታቸው ሳያነሡ "እኔ ምን አገባኝ? ይቅር ማለት የሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም" አሉ። ሁሉም የሚመልሰው አጣ። ሸሁ ዱዓቸውን ቀጠሉ።

እኒያ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን በኋላ ስለ ፍትሕ ባነበብኳቸው ወፍራም መጻሕፍት ውስጥ ሳገኝ ኖሬያለሁ። መንግሥት የሚቀጣው በተጣሰው ሕግ ስም ነው። ሽማግሌው የሚያስታርቀው በሕያዋኑ ሰላም ስም ነው። የተገደለው ሰው ራሱ ግን በሁለቱም ጉባኤ ወንበር የለውም። የእሱ መብት ወዴት ሄደ? ሃይማኖታችን ይህን ጥያቄ ሳይመልስ አያልፍም፤ የመጨረሻው ችሎት ሌላ ቦታ እንዳለ ያስተምራል። እንዲህ ብሎ ማመን ግን የዚህኛውን ዓለም ዳኛና ሽማግሌ ከሥራቸው አያሳርፋቸውም። ይልቁንም የያዙት የፍትሕ ቁራሽ መሆኑን አውቀው፣ ቁራሹን በደንብ እንዲይዙ ያስገድዳቸዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕግ ሊማር ሩቅ አገር ከሚሄድ ልጅ ጋር ምን አገናኘው? እስቲ ከቆየው ልጀምር። ከዚህ ደጋ ለትምህርት መሰደድ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስና ወደ መርጡለ ማርያም ይሻገር ነበር። ደረሳውም አንዱን ሸህ ለነሕው (ለዐረብኛ ሰዋስው)፣ ሌላውን ለፊቅህ እያለ ከመንደር መንደር፣ እስከ ዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከል ድረስ ይዘልቅ ነበር። የፊቅህ ትምህርት የጋብቻን፣ የውርስን፣ የሽያጭን፣ የደም ካሳን ሕግ ይዟል፤ ስለዚህ ደረሳው በአገራችን ሕግ ፍለጋ ከቤቱ ከወጡት ቀደምት ተማሪዎች አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሕግ መጽሐፎቻችንም እንደ ተማሪዎቹ ተሻግረው የመጡ ናቸው። ፍትሐ ነገሥትን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያጠናቀረው ግብፃዊው ቅብጥ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል ነው፤ ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቀኖናና የቢዛንታይን ሕግ የገባበትን ያህል፣ በግብፅ ይነበብ የነበረው የሙስሊሞች ፊቅህም አሻራውን እንዳሳረፈበት ሊቃውንት ያስረዳሉ። ቄሱና ሸሁ ከአንድ ወይራ ሥር ከመቀመጣቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት መጽሐፎቻቸው ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ይህንኑ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ለዓለም ያቀረቡት ደግሞ ኋላ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው።

ዘመናዊዎቹ ኮዶችም እንዲሁ ናቸው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ የስዊዙ የዣን ግራቨን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ የፈረንሳዊው የሬኔ ዳቪድ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመውን የሕግ ፋኩልቲ በመጀመሪያ የመሩትም አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። እንግዲህ ሕጉ ወደ እኛ መጥቶ ከሆነ፣ ልጆቻችን ወደ ሕጉ መሄዳቸው ምንም የሚያስነቅፍ ነገር የለውም።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ውጭ ሄዶ ሕግ የተማረ ሰው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ንቀት ነው። ሬኔ ዳቪድ ኢትዮጵያ የራሷ ሕግ ከልማዷ ቀስ በቀስ እስኪወለድ ብዙ መቶ ዓመት ልትጠብቅ አትችልም ብሎ ያምን ነበር፤ 3,367 አንቀጽ ያለው ኮዱም በአንቀጽ 3347 ኮዱ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ ሻረ። ልማዱ በወረቀት ተሻረ፤ በወይራው ሥር ግን ማንም አልነገረውም። እስከ ዛሬም መንገድ ሲዘጋና ፍርድ ቤት ሥራ ሲያቆም ሰው የሚጠጋው ያንኑ ሽማግሌ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። የደም ጉዳይ ግን ከዚያ በር ውጭ ቆሟል። አገሩን የሚንቅ ምሩቅ ይህን ሁሉ ኋላ ቀርነት ብሎ ያልፈዋል፤ ስለዚህም ምስክሩ ለምን እንደሚዋሽ ሳይገባው ይፈርዳል።

ሁለተኛው ፈተና ማሞገስ ነው፤ ከአገር የራቀ ሰው ደግሞ ለዚህ ቅርብ ነው። ናፍቆት ሽማግሌውን ሁሉ ቅዱስ ያደርገዋል። የአበራሽ በቀለን ታሪክ ማስታወስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ተጠለፈች፣ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገደለችው። የያኔው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ይዞ ነበር፤ ከአውሮፓ የተቀዳው ሕግና የመንደሩ ልማድ በዚህ ነጥብ ተስማምተው ነበር ማለት ነው። እነ መዓዛ አሸናፊ ከጥቂት ጊዜ በፊት ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ራስን በመከላከል ነጻ ወጣች፤ ወደ ቀዬዋ ግን መመለስ አልቻለችም። ታሪኩ ኋላ "ድፍረት" በተባለው ፊልም ዓለም አየው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት እንደማያድን ሲደነግግ፣ የአንድ ልጅ ጩኸት ሕግ ሆነ። በእኛም ደጋ ስንት ጠለፋ በሽማግሌ እርቅ ጋብቻ ተብሎ እንዳለቀ የማያውቅ የለም። ከአጥሩ ወዲያ የተቀመጠችውን ሴት ያላየ እርቅ ሰላም የሚባለው ለታረቁት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሚሄዱት ልጆች የምላቸው ይህ ነው፤ የሄዳችሁበትን ሕግ መሣሪያ አድርጋችሁ ያዙት፣ ጥያቄውን ግን ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጥያቄ የሌለው ተማሪ ትምህርት ቤት የሚመርጠው በስሙ ነው፤ ጥያቄ ያለው በመምህሩና በመጽሐፍ ቤቱ ይመርጣል። የሰብአዊ መብት ነገር የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብት ማዕከል ከመላው አፍሪካ የሕግ ምሩቃንን በማስተርስ ለዓመታት ሲያስተምር ቆይቷል፤ ከዚያ የወጡ ኢትዮጵያውያንን ጠይቁ። በእንግሊዝ ማስተርሱ በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው። ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ያስገድዳል። የአሜሪካው ፉልብራይት ተማሪም በቪዛው ምክንያት የሁለት ዓመት መመለስ ግዴታ አለበት። ይህን ግዴታ እንደ እስር የሚያዩት አሉ። እኔ ግን አደራውን በጽሑፍ ያሰፈረ ውል ይመስለኛል።

እዚያ ጥብቅና ለመቆም የምታስቡ ካላችሁ ዲግሪና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከወዲሁ እወቁ። ኒው ዮርክ ለምሳሌ የእኛን ዓይነት በኮድ ላይ የቆመ የሕግ ትምህርት ብቻውን አትቀበልም፤ እውቅና ባለው የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ማስተርስ ስትጨምሩበት ለፈተናው መቀመጥ ልትችሉ ትችላላችሁ። እንግሊዝና ዌልስ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሶሊሲተርነት የራሳቸው ፈተና አላቸው። ስትመለሱ ደግሞ የውጭ ዲግሪያችሁ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግመታ ይደረግለታል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጥብቅና ለመቆም በአዋጅ 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ታወጣላችሁ።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር ልበል። ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በሰላሙም ጊዜ ሩቅ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ክልላችን ግጭት ውስጥ ከገባ ወዲህ መንገድም ኢንተርኔትም በሚያስፈልግ ሰዓት ሲጠፋ አይተናል። ስለዚህ ትራንስክሪፕታችሁን፣ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁን፣ የልደት ማስረጃችሁን ከአንድ ዓመት በፊት አውጡ፤ በስልካችሁም፣ በአዲስ አበባ ባለ ዘመድ እጅም ቅጂ አኑሩ። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚረጋገጠውን ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩ። "ቪዛ በእጄ ነው" ለሚል ደላላ ደግሞ የአባታችሁን በሬ አትሽጡ፤ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ በአብዛኛው ራሳችሁ በቀጥታ የምታስገቡት ነው።

ክፍል ስትገቡ የሚገጥማችሁ ድንጋጤ የንባቡ ነው። እዚህ ያደግነው በአንቀጽ ነው፤ መምህሩ አንቀጹን ይነግረናል፣ እኛ እናጠናለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ግን ሕግን የሚያስተምረው በፍርድ ነው። ላንግዴል የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1870 ሃርቫርድ ላይ የጀመረው ዘዴ ተማሪውን የተፈረደ ጉዳይ አስነብቦ "ዳኛው ምን ጠየቀ? ለምን እንዲህ ፈረደ? ፍሬ ነገሩ በዚህ በኩል ቢለወጥስ?" እያለ ያፋጥጠዋል። ቅኔ ቤት ያደገ ወይም ሸህ ፊት ኪታብ የቀራ ልጅ ይህ አይከብደውም፤ መምህር ፊት ቆሞ መጠየቅና መመለስ ያውቃል። የሚከብደው ኮድ ብቻ የሸመደደው ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትን ቅጾች አንብቡ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ስለሚያስገድድ፣ በፍርድ ማሰብን ከቤታችሁ ትለማመዳላችሁ። ስትጽፉም ከሌላ ሰው የወሰዳችሁትን ሐሳብ ሁሉ ምንጩን ጥቀሱ። የሰውን ሐሳብ በራስ ስም ማቅረብ እዚያ ከትምህርት ሊያስባርር ይችላል፤ ከዚያም በላይ ነገ ስለ ሌላው ሰው ንብረት ለሚፈርድ ሰው መጥፎ ጅማሬ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዲግሪው የማያስተምረውን አንድ ነገር ያዙ። በግብፅ፣ የአስቄጥስ መነኮሳት ያጠፋ ወንድማቸውን ሊዳኙ ሲሰበሰቡ አባ ሙሴ ጸሊም ተጠሩ፤ እሳቸውም በቀዳዳ ዘንቢል አሸዋ ተሸክመው፣ አሸዋው ከኋላቸው እየፈሰሰ መጡ። የራሳቸው ጥፋት ከኋላ እየፈሰሰ የሌላውን ሊዳኙ መምጣታቸውን ለጉባኤው ማሳየታቸው ነበር። ኢማም አቡ ሐኒፋም ኸሊፋው አል-መንሱር ዳኛ ሁን ሲላቸው እምቢ ብለው ታስረዋል ይባላል። በእኛ አገር እነዚህን ሁለት ታሪኮች በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱን ከአያት፣ ሌላውን ከአያት ወንድም መስማት ይቻላል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ሲፈርድ ሊፈራ ይገባዋል። ይህን ፍርሃት ያጣ ምሁር የትኛውንም የጥብቅና ፈተና ቢያልፍ ለአገሬ ዳኝነት አልመኘውም። ፍርሃቱ ከበዛበት ደግሞ ወንበሩን ደፋር ይይዘዋልና፣ እየፈራ መቀመጥ ያለበት የተማረው ነው።

እኔ ለራሴ ጥያቄ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው፦ ፍርድ በእኛ እጅ አያልቅም። ፍርድ ቤት ወንጀሉን በስሙ ይጠራል፤ ማንም ኃያል ሆነ ድሃ ነፍስ ማጥፋት ዋጋ እንዳለው ያስመሰክራል። ሽማግሌ የሟቹን ልጅ ከደም መላሽነት ያድናል። የሟቹን መብት የሚመልሰው ግን ፈጣሪ ብቻ ነው። የሕግ ሰው ሥራ ሁለቱን ምድራዊ ቁራሾች ሳያምታታ ማገናኘት ነው፤ እርቁ ቅጣቱን ሳይውጥ፣ ቅጣቱም እርቁን ሳያረክስ፣ እናትየውም ከአጥሩ ወዲህ ገብታ ቃሏን ስትሰጥ። ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ገና አልጻፍንም። ኒውዚላንድ የወጣት ጥፋተኞችን ጉዳይ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተሰብ፣ ተበዳይና መንግሥት አብረው በሚቀመጡበት ጉባኤ እንዲታይ በሕግ ደንግጋለች፤ እንዲህ ያለውን ለማየት ነው ባሕር መሻገር የሚገባው። ውጭ አገር የምትቀሩም አትጥፉ፤ በስደት ያለ ወገናችሁ የመጠለያ ጥያቄውን ይዞ ችሎት ሲቆም ቋንቋውንና ሕጉን የሚያውቅለት ሰው ይፈልጋል።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሁለት ቀን ስጡኝ። አንዱን ቀን ችሎት ገብታችሁ ዋሉ፣ ሌላውን ሽማግሌ በተሰበሰበበት ተቀመጡ። ሁለቱም ቦታ ማን እንደተናገረ፣ ማን ሳይጠየቅ እንደቀረ ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው "ለምን ይህን ትምህርት መረጥክ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ሳይጠየቅ ከቀረው ሰው ጀምሩ።